ያቺ እህት ጸለየች ወይ?

አንድ ልቦለድ ክርስቲያን የሚሆነው በምኑ ነው?

ጥያቄው የእኔ አይደለም። የጠየቀኝ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነው፤ ከደቡብ ተመድቦ አሶሳ የመጣ የሂሳብ መምህር ነበር። በጸሎት ቤቱ ጓዳ ካለችው የቆርቆሮ ቁምሳጥን ፊት ቆመን አንድ ንጹሕ ወረቀት ሰጠኝና፣ «እህታችን፣ ከመጽሐፍ ጋር የምትውዪው አንቺ ነሽ። መለኪያውን ጻፊልን። ይኼ ይግባ፣ ይኼ ይውጣ የምንልበት። ከአንድ ገጽ አይብለጥ» አለኝ።

ወረቀቱ ዛሬም አለኝ። ከላይ ጥያቄው በእሱ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል፤ ቁጥር የለመደ እጅ ስለሆነ ፊደሎቹ በአራት ማዕዘን ውስጥ የተቀመጡ ይመስላሉ። ከሥሩ ያለው የእኔ ነው። ያልተሰረዘ መስመር የለበትም።

ክልሉ ያን ጊዜ ገና አዲስ ነበር። ሰዉ ስሙን ስላልለመደው «ክልል ስድስት» እያለ በቁጥር ይጠራው ነበር። እኔን ይህ አልገረመኝም። ልጅ ሆኜ ከወሎ መጥተን የሰፈርንበት መንደርም ስሙ ቁጥር ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በዚያው መንደር፣ በመሠረተ ትምህርት ዳስ ውስጥ፣ ከአባቴ ጎን በአንድ ግንድ ላይ ተቀምጬ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በማታ ትምህርት ስጨርስ ሠላሳ ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደልን አያምነውም። ዓይኑን ካነሣበት የሚያመልጠው ይመስለዋል። ስለዚህ ሳነብ ጣቴን ከመስመሩ ሥር አስኬዳለሁ፤ ያኔም፣ አሁንም። መምህሩ አንድ ቀን አይቶኝ፣ «ጣትሽን አንሺለትና ፊደሉ ይተንፍስ እንጂ» ብሎ ቀልዶብኛል። ሳቅኩ። ጣቴን ግን አላነሣሁም።

ከአዲሶቹ ቢሮዎች በአንዱ አንዲት ክፍል «ቤተ መጻሕፍት» ተብላ ለእኔ ተሰጠች። መደርደሪያ አልነበራትም። መጻሕፍቱ በመጡባቸው ካርቶኖች ውስጥ ነበሩ፤ እኔም ካርቶኖቹን በጎናቸው አቁሜ መደርደሪያ አደረግኋቸው። በአንደኛው ላይ «ሃይማኖት»፣ በሌላው ላይ «ሥነ ጽሑፍ»፣ በሌላው «ግብርና» ብዬ ጻፍኩ። ግብርናው ሁሉንም ይበልጥ ነበር። ማንም ብዙ አይመጣም። ሲመጣም ጋዜጣ ፈልጎ ነው፤ ጋዜጣው ደግሞ አሶሳ የሚደርሰው ወሬው ካረጀ በኋላ ነው። ስለዚህ አነባለሁ። ቀኑን ሙሉ አነባለሁ፤ የፊደል ስህተት ሳገኝ በእርሳስ አርማለሁ። ይህን ያዘዘኝ የለም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን ጸሎት ቤት ነኝ። የሐሙስ ሴቶች እንባላለን። አብዛኞቻችን ሰፋሪዎች ነን፤ ከባምባሲ የመጡ አማርኛቸው ኦሮምኛ ኦሮምኛ የሚል አሉ፤ ቢሮው ሲከፈት ባሎቻቸውን ተከትለው ከመተከል የመጡ አሉ። ማንበብ የሚችል ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ ለጸሎት ቤቱ አንድ ካርቶን መጽሐፍ በስጦታ ሲመጣ፣ በላዩ ላይ በትልቁ «መንፈሳዊ መጻሕፍት» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ካርቶኑን ፈትቼ የደረደርኩት እኔ ነኝ። በመካከሉ ሽፋን የሌለው፣ ከፊቱ አሥራ ስድስት ገጽ ከኋላውም የማይታወቅ ያህል የተገነጠለበት አንድ መጽሐፍ ነበር። የመጽሐፉ ስም የለም፣ የጸሐፊው ስም የለም። ካርቶኑ መንፈሳዊ ስላለ መንፈሳዊ ነው አልኩ። ስህተቱ እዚያ ጋ ጀመረ፤ እኔ ደግሞ በእርሳስ አላረምኩትም።

ሴቶቹ ታሪክ ያለበት አንብቢልን ሲሉኝ እሱን አነሣሁ። የአባቷን ቤት ትታ አንድ ሰው ተከትላ የሄደች ልጅ ታሪክ ነው። አባቷ እንቢ ብሎ ነበር፤ ሰውየውም ከዓመት በኋላ ከተማ ላይ ጥሏት ይሄዳል። በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ሐሙስ ነው፣ ልጅቷ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ጓዟ ላይ ተቀምጣ የምታለቅስበት ቦታ ደረስን።

«እና አልጸለየችም?» አሉ አንዲት የእኛ መንደር አሮጊት።

«ማን?»

«ልጅቱ ናታ። እንዲህ ሆና ዝም ብላ ታለቅሳለች?»

ገጹን አየሁ። ታለቅሳለች፤ ከዚያ አውቶቡሱ ይመጣል። በመካከሉ ምንም የለም። ሃያ ሴት አፌን አፌን ያየኛል። ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፤ በልጅቷ አፈርኩ መሰለኝ፤ ዘመዴ በሰው ፊት ያጠፋች ያህል።

«ጸልያለች» አልኩ።

«አንብቢዋ እንግዲህ።»

አነበብኩላቸው። «ጌታ ሆይ፣ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም፤ መኪናው ግን እየመጣ ነው» አልኩ። ከዚያ በላይ የሚሆን አልመጣልኝም። ሴቶቹ «አሜን» አሉ። አሮጊቷ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ «አላልኳችሁም?» አሉ።

ከዚያ ወዲያ መመለሻ አልነበረውም። በየምዕራፉ እንድትጸልይ ተጠበቀች። ልጅቷ በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ቀን አልጸለየችም፤ በእኔ አፍ ግን ሳትጸልይ የቀረችበት ሐሙስ የለም። ጸሎቶቹን ረዥም አላደረግኋቸውም። እንደ እሷ ያለች፣ ከተማ ላይ ልብስ እየሰፋች የምትኖር፣ ኪራይ የምታስብ ሴት ምን ትላለች ብዬ ረቡዕ ማታ ሳስብ አድር ነበር፤ ለራሴ ጸሎት እንኳ ያን ያህል ተጠንቅቄ አላውቅም። የሚሳሳሙበት ቦታ ሲመጣ ደግሞ ገጹን እገለብጣለሁ። «ዛሬስ ገጹ ቶሎ ቶሎ ይገለበጣል» ይላሉ አሮጊቷ፤ እሳቸው የሚያመልጣቸው ነገር የለም።

አንድ ሐሙስ የጸሎት ርዕስ ሲሰበሰብ፣ አንዷ የታመመ ልጇን፣ አንዷ የባሏን ዝውውር ተናገረች፤ ሦስተኛዋ ደግሞ፣ «ለዚያች እህታችንም እንጸልይላት፤ ያ ሰውዬ ተመልሶ እንዳያታልላት» አለች። ሁሉም ተነሥተው ጸለዩላት። እጃቸውን ዘርግተው፣ እያለቀሱ፣ የሌለች ሴት ከሌለ ሰው እንድትጠበቅ ለመኑ። ታሪኩ ምስክርነት መስሏቸው እንደ ኖረ ያን ቀን ገባኝ። በእኛ ጸሎት ቤት ሰው ቆሞ ሕይወቱን ሲናገር ምስክርነት ነው፤ የሚነበብ ታሪክ ደግሞ የተጻፈ ምስክርነት ነው፤ ሌላ ዓይነት መኖሩን የነገራቸው የለም። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። አሮጊቷ ቀደሙኝና፣ «የየት ጸሎት ቤት ልጅ ናት ግን? ደብዳቤ ብንጽፍላት አንቺ ታደርሺልናለሽ?» አሉኝ። አድራሻዋ ከተገነጠለው ገጽ ላይ ሳይሆን አይቀርም አልኳቸው። ይህም አንድ ተጨማሪ ውሸት ነበር።

ከሴቶቹ መካከል በሩ አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት የጉሙዝ ልጅ ነበረች። ከማንቡክ አካባቢ ናት፤ ባሏ እኔ በምሠራበት ቢሮ ግቢ ውስጥ ይሠራል። አማርኛን የተማረችው ከገበያ ስለነበር ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የምትለው። እኔ ደግሞ ስህተት አልፎኝ አያውቅም፤ «ለሴት አንቺ ነው የሚባለው» አልኳት አንድ ቀን ወደ ቤት አብረን ስንሄድ።

«በኛ አንድ ነው» አለች። ትንሽ አሰበችና፣ «አንተ ሲሉህ ምን ይጎድልብሃል?»

ምንም እንደማይጎድልብኝ ስላወቅሁ ተውኩት።

ነገሯን የነገረችኝ በዚያው መንገድ ላይ ነው። በእነሱ ባህል ወንድ ሚስት የሚያገኘው እህቱን በለውጥ ሰጥቶ ነው፤ የአንዱ እህት ወደዚያ፣ የሌላው እህት ወደዚህ። ባሏ የሚሰጣት እህት አልነበረውም። እሷ ግን ወደደችው፤ በጸሎት ቤት ተጋቡና ወደ አሶሳ መጡ። «ወንድሜ እኔን ይዞ ነበር የሚያገባው» አለች። «እኔ ሄድኩ። እሱ ባዶ እጁን ቀረ።» አባቷ ቀደም ብሎ ሞቷል፤ የቤቱ ሰው ወንድሟ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቤቷን አላየችም፤ መልእክት ብትልክም መልስ የለም። ብትሄድ ምን እንደሚያደርጋት አታውቅም። ወንድሟን ስትነቅፈው ግን ሰምቼ አላውቅም። «ትክክል ነው የተቆጣ» ነበር የምትለው።

እንግዲህ መጽሐፉ እያለቀ መጣ። ልጅቷ ወደ አባቷ አገር ትመለሳለች። ከኮረብታው ላይ ሆና የቤቱን ጣሪያ ታያለች፤ እርምጃዋን ትቀንሳለች። የመጨረሻው ገጽ የመጨረሻ ቃል «ከዚያ» የሚል ነው። ከእሱ በኋላ የተቀደደ ወረቀት ጥርስ ብቻ ነው ያለው።

ሁለት ሳምንት ሰበብ ፈጠርኩ። አንዱን ሐሙስ ራሴን አመመኝ፣ ሌላውን መዝሙር እንለማመድ አልኩ። በሦስተኛው አሮጊቷ መጽሐፉን ራሳቸው አንሥተው ጭኔ ላይ አኖሩት። ጸሎት ቤቱ ያን ዕለት ሞልቶ ነበር፤ መምህሩም ከኋላ ቆሟል። ባዶውን የተቀደደ ጠርዝ እያየሁ ጨረስኩላቸው። ልጅቷ ወደ በሩ ቀረበች፤ አልተጣራችም፤ ቆመች። አባቷ ኮቴዋን ሰምቶ፣ ሰው ሳይልክ፣ ራሱ ተነሥቶ መወርወሪያውን ሳበና በሩን ከፈተላት። «ግቢ፣ እራት ደርሷል» አላት። ይህን ብቻ ነው ያልኩት። ዕልልታው ጣሪያውን አነቃነቀው።

ሲወጡ ያቺ የጉሙዝ ልጅ ወደ ኋላ ቀረች።

«አባቱ በሩን ከፈተ?» አለችኝ። ልጅቷንም እንደ ወንድ ነው የምትጠራት።

«ከፈተላት።»

«ራሱ?»

«ራሱ።»

«ሌላ ሰው ሳይለምነው?»

«ሳይለምነው» አልኩ። ያን ጊዜ እንኳ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ከእሷና ከእኔ በቀር ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። ግን የራሴ መጨረሻ በጆሮዬ ጥሞኝ ነበር፤ እውነቱ ይኼ ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ በሩ አጠገብ የለችም። «አገሩ ሄደ» አለኝ ባሏ ቢሮ ግቢ ሳገኘው፤ እሱም አማርኛው እንደ እሷ ነው። «ወንድሙን ለማየት።» ፊቱ ላይ ደስታም ፍርሃትም ነበረበት፤ የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አቃተኝ። ማንቡክና አሶሳ በአንድ ክልል ውስጥ ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን ለመሄድ መጀመሪያ ከክልሉ መውጣት ነበረባት። በነቀምት ዞራ፣ አባይን ተሻግራ፣ ቡሬ ወጥታ፣ እንደገና ወደ መተከል መውረድ ነው፤ ያገኘችው የጭነት መኪና ላይ እየተሳፈረች።

በሄደች በሁለተኛው ሳምንት ለቢሮው አዲስ የመጽሐፍ ካርቶን መጣ። ቀኑን ሁሉ ግብርና ነው ያወጣሁት። ከታች በኩል አንድ ወፍራም መጽሐፍ አገኘሁና እንደ ልማዴ መካከሉን ከፈትኩ፤ ጣቴ «ጓዟ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች» ከሚለው መስመር ሥር አረፈ። ሽፋን ነበረው። ሽፋኑ ላይ «ልቦለድ» ይላል፤ ሌላ ምንም አይልም። የጸሐፊው አጭር ታሪክ ከኋላው ነበር፤ ሃይማኖት የሚል ቃል አልነበረበትም። ቆሜ፣ ካርቶኑን ሳልጨርስ፣ መጨረሻውን አነበብኩ። ከ«ከዚያ» በኋላ ያለው አምስት ገጽ ነው። ልጅቷ ወደ በሩ ትቀርባለች። አባቷ ከሞተ ቆይቷል። ቤቱን ሌሎች ሰዎች ገዝተውታል። የማታውቃት ትንሽ ልጅ ወጥታ ውሃ ትሰጣታለች፤ ጠጥታ ጣሳውን ትመልሳለች፤ በመጣችበት ትሄዳለች። ጸሎት የለም። አሜን የሚል የለም።

ጥሩ መጨረሻ ነበር። ከእኔ የተሻለ ነበር። የገረመኝም ያስፈራኝም ያ ነው።

መምህሩ ወረቀቱን የሰጠኝ በዚያው ሰሞን ነው። በከተማው ልብ ወለድ የሚያነቡ ወጣቶች በዝተዋል፤ ሽማግሌዎቹ ቁምሳጥኑ ይመርመር ብለው ወስነዋል። «ቃሉ ራሱ ያስፈራል» አለኝ፤ «ልብ የወለደው ማለት አይደል? ልብ ስንት ነገር ይወልዳል! ግን ሁሉንም አንከለክልም። ለምሳሌ ያንን የሐሙሱን መጽሐፍ ተመልከቺ። ሰው እየለወጠ ያለ መጽሐፍ ነው። ያቺ የማንቡኳ ልጅ እንኳ እሱን ሰምታ ለእርቅ ሄደች ይባላል። ከእሱ ተነሽና መለኪያውን አውጪ። ከምሳሌው ወደ ሕጉ።»

ስለዚህ ከምሳሌው ተነሣሁ።

መጀመሪያ የጻፍኩት የጌታ ስም የሚጠራበት ነው የሚል ነበር። ያንኑ ማታ ሰረዝኩት፤ በዚህ ከተማ የጌታ ስም በሽንኩርት ገበያም ይጠራል። ጸሐፊው አማኝ የሆነ እንደሆነ ብዬ ጻፍኩ። ግን አማኝ አናጢ የሠራው ወንበር ክርስቲያን ወንበር ነው? ደግሞ የእኛን መጽሐፍ የጻፈው ማን ነበር? ከፊሉን እሱ፣ ከፊሉን እኔ። እሱ ስለ እኔ አያውቅም፤ እኔም ስለ ልቡ አላውቅም። ከዚያ፣ ባለታሪኩ በመጨረሻ የሚመለስበት ነው አልኩ። ይህኛው ሦስት ቀን ሳይሰረዝ ቆየ። በአራተኛው ቀን በቁምሳጥኑ ውስጥ ያሉትን የመመለስ ታሪክ ያለባቸውን መጻሕፍት ደጋግሜ አነበብኩና፣ በሁሉም ውስጥ ሰዉ የሚመለሰው መመለስ ስላለበት እንጂ መንገዱ ስለመለሰው አለመሆኑን አየሁ። በሃያኛው ገጽ ላይ በሃምሳኛው የሚሆነውን ታውቃለህ። ይህ እምነት ነው ወይስ ስንፍና? «ስንፍና» ብዬ ከጎኑ ጻፍኩ፣ አፈርኩበት፣ ሁለቱንም ሰረዝኩ።

ርኩሰት የሌለበት ብዬም ጽፌ ነበር። ከእኛ መጽሐፍ መሳሳሙን የዘለልኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እንደ ተነበበው ንጹሕ ነው፣ እንደ ተጻፈው አይደለም። እውነት የሆነ ብዬ እንዳልጽፍ ደግሞ ጌታ ራሱ በምሳሌ ሲያስተምር፣ ያ ዘሪ የየት አገር ሰው ነበር፣ ማሳውስ የት ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ግን እነዚያ የሰሙት ምሳሌ መሆኑን ያውቁ ነበር። የእኔ ሴቶች አያውቁም። ልዩነቱ ይኼ ይሆን? ምሳሌ መሆኑን መናገሩ ላይ? በመጨረሻ በወረቀቱ ግርጌ፣ የሚያነበውን ሰው የሚለውጥ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ መምህሩም መስማት የፈለገው ይህንኑ ነበር። ብዕሬን ሳላነሣ ያቺ የማንቡኳ ልጅ ትዝ አለችኝ። ለውጧት ሄዳለች። ወንድሟ ቢያባርራትስ፣ ከዚያ የባሰስ ቢሆን? ያን ጊዜም መጽሐፉ ክርስቲያን ነው? ይህንንም ሰረዝኩት።

መጽሐፉ ደግሞ ሁለት ቦታ ነበረ። ሙሉው ቅጂ በእኔ ክፍል «ሥነ ጽሑፍ» በሚለው ካርቶን ውስጥ፣ የተገነጠለው ቅጂ በጸሎት ቤቱ ቁምሳጥን ውስጥ ከመንፈሳውያኑ ጋር። በቀን ሁለት ጊዜ በመካከላቸው እመላለሳለሁ። አንድ ቀን ሙሉውን «ሃይማኖት» ወደሚለው ካርቶን አዛወርኩት፤ በነጋታው መለስኩት።

መምህሩ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። «እየሠራሁበት ነው» አልኩት። «እህታችን፣ አንድ ገጽ ነው እኮ ያልኩሽ» አለኝ፤ ቅሬታ አልነበረበትም፤ የሚከብድ መሆኑ ስላልታየው ነው። የማንቡኳን ልጅ ባል ደግሞ በቢሮው ግቢ እየጠበቅሁ ወሬዋን እጠይቀዋለሁ። «ገና» ይላል። ሐሙስ ሐሙስ ሴቶቹ ሌላ መጽሐፍ ሲሉኝ ድምፄ ጠፍቷል አልኳቸው። አሮጊቷ ፌጦና ማር አመጡልኝ፤ ጤነኛ ጉሮሮዬን ይዤ ጠጣሁት።

ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው የማንቡኳ ልጅ የመጣችው። ክፍሌ ውስጥ ካርቶኖቹን ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር እየጎተትኩ ሳለ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ከስታለች። ቀለበት ያለው እጇ ላይ ቁስል ነበር፤ ዓይኔ እዚያ ላይ ሲያርፍ አየችና፣ «መኪናው ነው፤ ብረቱ» አለች። ካርቶን ገልብጬ አስቀመጥኳት።

«ደረስሽ?» አልኩ።

«ደረስኩ።» ሳቀች። «በር የለም እኮ!»

«ምን?»

«መጽሐፉ አባቱ በር ከፈተ ይላል። የእኛ ቤት አጥር የለው፣ እንደዚያ ያለ በር የለው። የቱን ይክፈት? መንገድ ሁሉ አሰብኩት። ዛፉ ሥር ቆምኩ።»

«ከዚያስ?»

«እናቴ አለቀሰ። ወንድሜ አየኝና ጀርባውን ሰጠ። ሦስት ቀን ጀርባውን ብቻ አየሁ። እበላለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ እሱ ጀርባ ነው። በአራተኛው፣ ‹ማን ላከ አንተን?› አለ። ‹መጽሐፍ› አልኩ። ‹መጽሐፉ እህት አለው?› አለ።»

አልገባኝም ነበር። ፊቴን አይታ ደገመችልኝ።

«‹መጽሐፉ እህት አለው? ካለው ይስጠኝ። ያን ጊዜ እንታረቃለን› አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ቆይቶ ግን ትንሽ ሳቀ።»

«ታረቃችሁ?»

«እንጃ» አለች። «ስመጣ ጓዜን ይዞ መኪናው ድረስ መጣ። ምንም አላወራ። ጓዜን ሰጠኝ፣ ሄደ። ይኼ እርቅ ነው?»

እኔን ነበር የምትጠይቀኝ፤ መጽሐፍ የማውቀውን። ጣሪያው በቀስታ ያንጠባጥባል። «ግብርና» በሚለው ካርቶን ላይ እየወደቀ ነበር፤ አልተነሣሁም።

«መጽሐፉ አይደለም የላከሽ» አልኳት። «እኔ ነኝ። መጨረሻው ተገንጥሎ ነበር፤ ከራሴ ነው የፈጠርኩት። እውነተኛውን በኋላ አገኘሁት፤ እዚህ አለ፤ አባትየው ሞቷል፤ በሩን የከፈተ ሰው የለም። ልጅቱም የለችም፤ ሰው ያሰባት ናት። ጸሎቶቹንም እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ እሷ አንድ ቀን አልጸለየችም።»

በአንድ ትንፋሽ ነው የወጣው። ለመምህሩ፣ ለአሮጊቷ፣ ለሽማግሌዎቹ የምነግርበትን ቃል ስንት ሳምንት ሳሳምር ከርሜ፣ ለእሷ እንዲህ ነገርኳት።

ጣቴን፣ የቀኝ እጄን ጠቋሚ ጣት ያዘች።

«ይኼ ሲያነብ ይሄዳል» አለች። «ጸሎቱ ላይ ይቆማል። አየሁት፤ መጀመሪያ ቀን አየሁት። አባቱ በር ሲከፍትም ቆሟል።»

«ታውቂ ነበር?»

«ጣቱ እንደ ቆመ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ሄድሽ?»

«የእኔ ወንድም አልሞተም» አለች፤ ቀላል ነገር እንደምታስረዳኝ አድርጋ። ቀጥላም፣ «ያ የመኪናው ጸሎት ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«እሱን ነው መንገድ ላይ ያልኩት። ቡሬ ላይ፣ መኪና ሲጠፋ። ሌላ ጸሎት አልመጣ አለኝ።» ጣቴን ለቀቀችው። «መጥፎ ነው?»

አላውቅም አልኳት። ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ በስርዝ የተሞላው። ማንበብ ስለማትችል አልደበቅኩትም።

ልትሄድ ተነሣችና በሩ ላይ ዞር አለች።

«የላከኝ አንተ ከሆንክ፣ እህት አለህ?»

«የለኝም። አንድ ልጅ ነኝ።»

ፊቷ ላይ ቀልድ ፈለግሁ፤ ነበረም፣ አልነበረምም።

«እንግዲያው ለወንድሜ ምን ልበለው?» አለች።